የምድር ቤቱ ውሃ

ኤርሚኒያ ነገሩን የሰማችው ወጥ ቤት ቆማ ድንች ስትልጥ ነው። ምድር ቤት ካለው የማሞቂያ ቦይለር ተነስቶ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያልፈው የእንፋሎት ቧንቧ ጣሪያዋን በሚበሳበት ቦታ፣ በቧንቧውና በጣውላው መካከል የጣት ስፋት ያለው ክፍተት አለ። አባቷ ልድፈነው ሲል ሲል ሞተ፤ ከእሱ በኋላም የደፈነው የለም። በዚያ ክፍተት ላይ የምትኖረው የእህቷ የዴኦሊንዳ ሬዲዮ ይወርዳል፣ ሳሏ ይወርዳል፣ ዓሣ ስትጠብስ ሽታው ይወርዳል። ዛሬ ጠዋት የወረደው የዴኦሊንዳ ልጅ የኔሊያ ድምፅ ነበር።

«አክስቴ ሆን ብላ ነው እኮ፣ እማዬ» ትላለች ኔሊያ። «ለቦይለሩ ቅርብ እሷ ናት። ውሃው ጭቃ እስኪመስል ዝም ብላ የምታየው፣ አንቺ ብርዱ ሲያንገሸግሽሽ ጥለሽላት እንድትወጪ ነው። በቃ፣ ቅዳሜ መጥቼ ዕቃሽን እጭናለሁ። እኔ ጋ ትገቢያለሽ፣ ቤቱም ይሸጣል።»

ኤርሚኒያ ቢላዋውን እንደያዘች ቀጥ አለች። የእህቷን መልስ ጠበቀች። ከማይነጋገሩ ከአስር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቢሆንም ዴኦሊንዳ እንዲህ ያለውን ነገር ሰምታ ዝም የምትል አይመስላትም ነበር። ከላይ ማንኪያ ከስኒ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። ወንበር ተጎተተ። ዴኦሊንዳ ሳለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከዚያ ምንም አልተናገረችም። «ኧረ ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም» እንኳ አላለችም። ትንሽ ቆይቶ የኔሊያ ጫማ ደረጃውን እየደበደበ ወረደ፤ ውጭ በረዶ ላይ መኪናዋ ተነሳ። ኤርሚኒያ ድንቹን ጨርሳ ላጠች። ልጣጩ ወፍራም ወፍራም እየሆነ ግማሹ ድንች አብሮ ሲሄድ እንኳ አላስተዋለችም።

ቤቱ የሁለቱ ነው። ወላጆቻቸው ከትውልድ ደሴታቸው መጥተው እዚህ ፎል ሪቨር ከተማ ኮረብታው ላይ በጨርቅ ፋብሪካ ደመወዝ የገዙት፣ ፊቱ በእንጨት የተሠራ፣ ቀለሙ የተላላጠ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፤ ከላይኛው መስኮት ወንዙና ድልድዩ ይታያል፣ ከታችኛው የጎረቤት አጥር ብቻ። ታላቋ ዴኦሊንዳ ላይ፣ ታናሿ ኤርሚኒያ ታች፤ ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረዋል። ያኳረፋቸው ገንዘብ አልነበረም። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታ ሳለች በየተራ ያስታምሟት ነበር፤ ዴኦሊንዳ ያን ጊዜ የመጋረጃ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ሆና ሰንብታ፣ በዕረፍቷ ሌሊት ቤቷ ተኝታ ነበር። እናት ያን ሌሊት አረፈች። ኤርሚኒያ አጠገቧ ነበረች፤ ለእህቷ የደወለችው ግን ሲነጋ ነው። «ትንሽ ትተኛ ብዬ ነው» አለች። ዴኦሊንዳም «ስንብቱን ለብቻሽ ወሰድሽው» አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዷ ግድግዳ ታያለች፣ ቤተ ክርስቲያንም አንዷ ማለዳ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ረፋድ ላይ።

የኔሊያ መኪና ድምፅ ከራቀ በኋላ ኤርሚኒያ ካፖርቷን ደርባ ባልዲዋን ይዛ በጓሮው ደረጃ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ይሄን ከገና ጀምሮ በየጠዋቱ ታደርገዋለች። ከገና ጀምሮ ነው በየክፍሉ ያሉት ማሞቂያዎች፣ ራዲያተሮቹ፣ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት መንኳኳት የጀመሩት፤ ከዚያ ሙቀቱ እየተቋረጠ፣ ቤቱ እየቀዘቀዘ መጣ። ለእሷስ ሁለት ሹራብ ይበቃታል። የላይኛው ፎቅ ግን የእንፋሎቱ መጨረሻ ነው፤ የቀረው የቀረው ነው የሚደርሰው። የዴኦሊንዳ ደረት ደግሞ ብርድ አይችልም። ማታ ማታ ሳሏ ሲበረታ ኤርሚኒያ ከታች ሆና አብራ የምትታፈን ይመስላት ነበር። አባታቸው ያደርግ የነበረውን ታስታውሳለች፦ የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ ቡናማውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ይለቀዋል፣ እስኪጠራ ያወጣዋል፣ ከዚያ አዲስ ውሃ ይሞላል። እሷም እንደዚያው ታደርጋለች። ይጠራል። በነጋታው ስትመጣ ግን ውሃው መልሶ ሻይ መስሎ ይጠብቃታል፤ በቦይለሩ ጎን ያለው የውሃ ማሳያ ብርጭቆ ውስጥ እንደሰከረ ሰው ወደ ላይ ወደ ታች ይዘላል።

ዛሬ ከቧንቧው ሥር ያለው ሲሚንቶ ቀድሞ እርጥብ ነበር። ግድግዳው ጥግ የአባታቸው አሮጌ የቆርቆሮ ባልዲ በአፉ ተደፍቷል፤ ኤርሚኒያ እጇን ብትሰድ ውስጡ ረጥቧል፣ ከንፈሩም ላይ የዝገት ጭቃ አለበት። ኔሊያ ሰው ልካ ይሆናል አለች በሆዷ። ጥፋቴን የሚፈልግ ሰው። ባልዲውን መልሳ ስትደፋው የጓሮው በር ተንኳኳና የቧንቧ ሠራተኛው ኖርቤርቶ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ በሰፈሩ ያልገባበት ምድር ቤት የሌለ ሰው ነው።

«ኔሊያ ናት የላከችኝ» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «ልጅቱ ስልክ ላይ ስትጮህ ጆሮዬን ልታወልቀው ነበር። እንዴት አደሩ፣ እማማ ኤርሚኒያ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያው፣ ብርድ ነው።»

ኖርቤርቶ በባትሪው ብርጭቆውን አየ፣ ቦይለሩን እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገው፣ ከታችኛው ቧንቧ ትንሽ ውሃ በመዳፉ ተቀብሎ አሸተተ። ከዚያ ተንበርክኮ እንዳለ ቀና ብሎ አያት። «ማነው ውሃውን የሚቀይረው?»

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ ያለ መስሏት አገጯን ከፍ አደረገች። «በየጠዋቱ አወጣለሁ። ቆሻሻ ስለሆነ ነው የማወጣው።»

«ስንት ያወጣሉ?»

«አንድ ባልዲ ነዋ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ባልዲ ይሄን ሁሉ አያደርግም። ይሄ ብዙ አዲስ ውሃ የጠጣ ቦይለር ነው። አዲስ ውሃ አየር ይዞ ይገባል፣ አየሩ ብረቱን ይበላል፣ ቡናማው እሱ ነው። ባጠቡት ቁጥር ይብስበታል። አባቴ ይሙት፣ ሌላ ሰውም እያወጣ ነው።»

ያኔ ከደረጃው ላይ ድምፅ መጣ። «እኔም አወጣለሁ።»

ዴኦሊንዳ የሟች ባሏን ካፖርት ለብሳ፣ በአንድ እጇ መደገፊያውን ጨብጣ፣ ከደረጃው መሐል ቆማለች። ጉልበቶቿ ካበጡ ቆይተዋል፤ ሐኪሙም ልጇም ደረጃ እንዳትወርድ ከልክለዋታል። የምትናገረው ለኖርቤርቶ ነው፣ ዓይኗም እሱ ላይ ነው። «ሲመሽ፣ መቁጠሪያ ከመያዜ በፊት። በአባታችን ባልዲ። ታች ያለው ሰው... ታች ያለው ሰው እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ማንሳት አይችልም ብዬ። የእጅ አንጓዋ አንዴ ተሰብሯል።»

ኤርሚኒያ የእጇን አንጓ ሳታውቀው በሌላው እጇ ያዘችው። ከዚያ ኖርቤርቶ ሳቅ ጀመረው፤ ሊያቆመው ቢሞክርም ሆዱ አልታዘዝ አለው። «ሁለት ሞግዚት ያለው ሕፃን ነው ያደረጋችሁት» አለ። «አንዷ አጥባ ታስተኛዋለች፣ ሌላዋ ሳታውቅ አንስታ ትደግመዋለች። ታዲያ ይሄ ልጅ ብርድ ሳይመታው ይቀራል?» ዴኦሊንዳ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ኤርሚኒያ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ግን ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

መንኳኳቱና መዝለሉ ግን ከዝገቱ ብቻ አልነበረም። በመኸር የተቀየረው አንድ ቧንቧ የፋብሪካ ቅባት ይዞ ገብቶ፣ ያ ቅባት ውሃው ላይ ተንሳፍፏል፤ ቅባቱ እንደ ክዳን ስለሚሆን ውሃው በሥነ ሥርዓት አይፈላም፣ እየፈናጠረ ቧንቧ ውስጥ ይወጣል። ኖርቤርቶ ከቦይለሩ ጎን፣ ከውሃው ወለል ትይዩ ያለውን መድፈኛ ብሎን ፈትቶ አጭር ቧንቧ ሰካበት፤ እሳቱን አጠፋ፤ አዲስ ውሃ በጣም በቀስታ ከታች አስገባና ቅባቱ ከላይ በዚያች ቧንቧ በኩል እየተገፋ እንዲወጣ አደረገ። ከእርሳስ የማይወፍር ቀጭን የውሃ ክር ባልዲው ውስጥ ወረደ። «ይሄ ችኮላ አይወድም» አላቸው። «ክሩ ከወፈረ ቅባቱ ውስጥ ይቀራል። እስኪጠራ ይውላል። እኔ አሁን ሕፃናት ያሉበት ቤት ሙቀት ጠፍቶ ይጠብቁኛል፤ ሥራዬን ስጨርስ እመለሳለሁ። ባልዲው ሲሞላ መቀየር ብቻ ነው። አንድ ሰው ግን አይችለውም፣ ይከብዳል።» ይሄን ብሎ ሁለቱንም አየ፣ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

ምድር ቤቱ ውስጥ የአባታቸው የወይን በርሜሎች ባዶአቸውን ተደርድረዋል፤ ከጣሪያው ነጭ ሽንኩርት ተጎንጉኖ ተሰቅሏል፤ አንድ እግሩ የተጠገነ አግዳሚ ወንበርም አለ። ኤርሚኒያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ዴኦሊንዳ ጥቂት ቆማ፣ ወደ ላይ መመለሱ ከመውረዱ እንደሚከብዳት የምታስብ ይመስል ደረጃውን አይታ፣ መጥታ በሌላው ጫፍ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሌላ ሁለት ሰው ሊቀመጥ ይችል ነበር። ውሃው ይወርዳል። በባልዲው ውስጥ ያለው ገጽ ላይ ቅባቱ እንደ እርግብ አንገት አረንጓዴና ወይን ጠጅ እየሆነ ይዞራል። የመጀመሪያው ባልዲ ሲሞላ ሁለቱም ተነሱ፤ እጀታውን አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ይዘው፣ ትናንሽ እርምጃ እየተራመዱ እስከ ማፍሰሻው ወሰዱት። ዴኦሊንዳ «ቀስ» አለች። ኤርሚኒያ «ይዤዋለሁ» አለች። ሲመለሱ ሁለቱም እያለከለኩ ስለነበር ዝምታው ያን ያህል አልከበደም።

ሁለተኛው ባልዲ ላይ ዴኦሊንዳ የደረቅ ዓሣ ዋጋ ስለመናሩ አንድ ነገር ተናገረች፤ ለቦይለሩ ይሁን ለእህቷ አይታወቅም። ኤርሚኒያ፣ ያ ዓሣ ሻጭ ድሮም ሚዛኑ ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፍ ነበር አለች። ከዚያ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ፣ አካፋ ስላልነካው የእግረኛ መንገድ በረዶ፣ ቅዳሴውን ስለሚያረዝመው አዲስ ቄስ ተባለ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ነበሩ፣ በመካከላቸውም ረጅም ጊዜ ያልፍ ነበር። ኤርሚኒያ ያን ሁሉ ስትናገር ጠዋት የሰማችው ነገር ከሐሳቧ አልወጣም፤ በመጨረሻ አላስችል ሲላት፣ «ጠዋት ሰምቻለሁ» አለች።

ዴኦሊንዳ አልዞረችም።

«ኔሊያ ያለችውንም፣ አንቺ ዝም ያልሽውንም። ልጅ የመሰላትን ትላለች። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።»

ዴኦሊንዳ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ጥፍሯ ሥር ዝገት ገብቷል። «አክስትሽ አይደለችም የምታቆሽሸው ብዬ ብመልስ፣ በምን አወቅሽ ትለኛለች» አለች። «በየማታው እየወረድኩ አያለሁ ልበላት? ደረጃ እንደምወርድ ካወቀች ቅዳሜን አትጠብቅም፣ ያኔውኑ ነበር የምትጭነኝ። ልጄ ደግ ናት፤ ቤቷም ሰፊ ነው። ግን እዚያ ማንንም አላውቅም፣ ኤርሚኒያ። መስኮቱ የሚያየው ዛፍ ብቻ ነው።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ «ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። አሳፋሪ ነው።»

ኤርሚኒያ ስሟን ከእህቷ አፍ ከሰማች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር። ተነስታ ወደ ቤቷ ወጣች፤ የጎመን ሾርባ በለስላሳ እሳት ጥዳ፣ ብርድ ልብስና በጨርቅ የጠቀለለችው ለስላሳ ዳቦ ይዛ ተመለሰች። ዳቦውን ቆርሳ ለእህቷ ትልቁን ሰጠቻት፤ ብርድ ልብሱንም ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችላት። ከሰዓት በኋላው እንደዚያው፣ በክሩ ልክ ተጎተተ። ባልዲ ቀየሩ፣ ደፉ፣ ተቀመጡ። ውሃው ከሻይ ወደ ደካማ ሻይ፣ ከደካማ ሻይ ወደ ሎሚ ውሃ ሄደ፤ የቅባቱም ቀለም እየሳሳ ጠርዝ ጠርዝ ላይ ብቻ ቀረ። ዴኦሊንዳ ራሷን በርሜሉ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ እስትንፋሷ ያፏጫል፤ ኤርሚኒያ ከጎን ስታያት እናታቸውን በመምሰሏ ደነገጠች።

ትንሿ የምድር ቤት መስኮት ብርሃኗ መቅላት ሲጀምር ኤርሚኒያ የመስታወት ማሰሮ ከመደርደሪያው አንስታ ከክሩ ሥር ደቀነች። ሲሞላ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ጠርቷል። በወዲያ በኩል የመስኮቱ ብረት አንድ በአንድ ይታያል፤ ከላዩም አንዲት የቅባት ነጥብ የለችበትም። እህቷን ለመጥራት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እንዴት ደክሟት እንደተኛች እያየች ነው። ጉልበቷ ያበጠ፣ ከማታ እስከ ንጋት የምታስል ሴት እንደዚህ ያለ እንቅልፍ በስንት ቀን ታገኛለች? ትተኛ፣ ኋላ እነግራታለሁ አለች በሆዷ። አለችና፣ ማሰሮውን እንደያዘች፣ የራሷ ሐሳብ ራሷን አስደነገጣት። ጎንበስ ብላ የእህቷን ትከሻ ነካች።

«ዴኦሊንዳ። ተነሺ። ጠርቷል፣ እይው።»

ዴኦሊንዳ ዓይኗን ገልጣ ማሰሮውን አየች፤ በሁለት እጇ ተቀብላም ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከዚያ ዓይኗ ከውሃው ወደ እህቷ ሄደ፣ እዚያም ቆየ።

«ቀሰቀስሽኝ» አለች።

«አዎ።»

ማሰሮውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ ልጠይቅሽ ፈልጌ፣ ንዴቱ አላስጠይቅ አለኝ። ኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ።» አንገቷን ደፋች። «እናታችን በመጨረሻ ምን አለች?»

ኤርሚኒያ እንደምትጠየቅ ስታውቅ ነው የኖረችው። ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅታም ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ነገር፣ የዴኦሊንዳ ስም ያለበት፣ ምርቃት ያለበት። ያን መልስ አሁን ብታወጣው እህቷ እንደምትወስደው ታውቃለች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ በዚህ ጊዜ በመካከላቸው ቦታ አልተወችም።

«ምንም አላለች» አለች። «አላውቅም። ተኝቼ ነበር።»

«ተኝተሽ?»

«ወንበሩ ላይ። እሷን እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔም ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ... ስነቃ እጇ ቀዝቅዟል። መቼ እንደሄደች አላየሁም። አጠገቧ ሆኜ አላየሁም፣ ዴኦሊንዳ። ከዚያ እንዴት አድርጌ ልደውልልሽ? ምን ልበልሽ? ሁለታችንም አመለጠችን ልበልሽ? ቢያንስ አንቺ እስኪነጋ ተኚ አልኩ። ስትቆጪኝ ደግሞ፣ አጠገቧ ነቅቼ የነበርኩ መስሎሽ ስትቀኚብኝ፣ ይሻላል ብዬ ተውኩት።»

ክሩ ባልዲው ውስጥ ይንቆረቆራል። ኤርሚኒያ ለመቀበል የተዘጋጀችው ቁጣውን ነበር። ዴኦሊንዳ ግን እጇን ዘርግታ ያንን አንዴ የተሰበረውን የእጅ አንጓ ያዘችው።

«እስኪነጋ ለብቻሽ ከእሷ ጋር ተቀመጥሽ ማለት ነው» አለች።

«አዎ።»

«ለብቻሽ።»

ኤርሚኒያ አለቀሰች፤ ድምፅ የሌለው፣ አፍንጫ ብቻ የሚያስጠርግ ለቅሶ ነበር። ዴኦሊንዳ ከካፖርቱ ኪስ የባሏን መሐረብ አውጥታ ሰጠቻት። ኖርቤርቶ ሲመለስ ያገኛቸው እንደዚያ ተጠጋግተው ነው፤ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ቧንቧውን ነቅሎ መድፈኛውን መለሰ፣ ውሃውን ልኩ ላይ አደረሰ፣ እሳቱን ለኮሰ። «አሁን በደንብ ይፈላና አየሩ ይውጣለት» አለ። «ከዚህ በኋላ ሳምንት ሳምንት ጥቂት ብቻ። አንዳችሁ ብቻ። ማን እንደሆነች ተነጋገሩ።» ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ረግቶ ቆመ። ከትንሽ በኋላ እንፋሎቱ ያለ አንዳች መንኳኳት በቧንቧው ሽቅብ ሄደ፤ እጃቸውን ቧንቧው ላይ አድርገው ሙቀቱ ሲያልፍ ጠበቁት።

ኔሊያ የመጣችው ያኔ ነው። ከሥራ በቀጥታ ስትመጣ በክንዷ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካርቶን ታቅፋለች፤ ላይ እናቷን አጥታ በድንጋጤ ነው የወረደችው። «እማዬ! ማነው እዚህ ያወረደሽ?» አለች፤ አክስቷንም አየቻት።

«ማንም አላወረደኝም» አለች ዴኦሊንዳ። «በየማታው እወርዳለሁ። ውሃውን ያበላሸሁት እኔም ነኝ፤ ጠዋት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አክስትሽ የምትለፋው እኔ እንዲሞቀኝ ነው፣ አንቺ ደግሞ የማይባል ነገር አልሽ። ሰምታሻለች።»

ኔሊያ ካርቶኑን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ጣቶቿ በብርድ ቀልተዋል፣ ፊቷም ከእነሱ ብሶ ቀላ። «አክስቴ» አለች። ኤርሚኒያ ካርቶኑን ተቀብላት በርሜሉ ላይ አስቀመጠችው። «ለእናትሽ ነው የተንገበገብሽው» አለቻት። «ሌላ ጊዜ ግን መጥተሽ ጠይቂኝ።» ኔሊያ አንገቷን ነቀነቀች። ስለ ቅዳሜ ልታነሳ ስትል እናቷ ቀደመቻት፦ «አልሄድም፣ ልጄ። ለፋሲካ እመጣና ሰንብቼ እመለሳለሁ። ቤቴ ሞቋል።»

ደረጃውን ሦስት ሆነው ወጡት፤ ዴኦሊንዳ መሐል፣ ልጇ በአንድ ወገን፣ እህቷ በሌላው። የኤርሚኒያ በር ጋ ሲደርሱ ኔሊያ ወደ ላይኛው ደረጃ ልታዞራት ስትል ዴኦሊንዳ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። የጎመን ሾርባ ሽታ ከውስጥ ይመጣል።

«አንቺ ሂጂ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል» አለቻት። ገብታም ወጥ ቤት ውስጥ፣ ራዲያተሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ኤርሚኒያ ሁለት ሳህን አወጣች።

«እናታችን ከመተኛቷ በፊትስ?» አለች ዴኦሊንዳ። «ያን ቀን ማታ ምን በላች? ምን አወራችሁ? እኔ ያንን እንኳ አላውቅም። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ኤርሚኒያ ከሾርባው ቀድታ እፊቷ አስቀመጠችላት፣ ለራሷም ቀዳች፣ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች።